ስሙን ማን ጻፈው? የስኮትላንድ የቤተሰብ ታሪክና የቤተ መዛግብት ካታሎጎች

 የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ስኮትላንድ ነው። የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የቤተ መዛግብት ካታሎጎች እንዴት ቢጠቀምባቸው እንደሚበጅ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ስኮትላንድ፣ በሰዘርላንድ አውራጃ፣ በስትራዝኔቨር ሸለቆ ይኖር የነበረ ዶናልድ ማካይ የሚባል ገበሬ ትፈልጋላችሁ እንበል። የባለቤታችሁ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግላስጎው ተወልደው ያደጉት ልጆቻችሁ በአንድ ወገን ከእሱ ይወለዳሉ። የስኮትላንድን ብሔራዊ መዛግብት ካታሎግ ትከፍቱና ስሙን ትጽፋላችሁ። በዚያ ሸለቆ ማካይ የማይባል ቤተሰብ ጥቂት ነውና የሚወጣላችሁ የሌሎች ዶናልድ ማካዮች ዝርዝር ነው፤ የእናንተው ሰው ግን የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። የድሃ ገበሬን ስም ማን ብሎ ይጽፈዋል ይላል። ስሙ ግን ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ ቦታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካታሎግ የሚገልጸው ሰነዱን ነው። «የጭሰኞች የኪራይ መዝገብ፣ የፋር አጥቢያ» ብሎ ዓመቱን ያስቀምጣል። በመዝገቡ ውስጥ የተጻፉትን ጭሰኞች አንድ በአንድ በስም አይዘረዝርም። ስለዚህ ካታሎግ ስትከፍቱ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት፣ ይህን ሰው ማን ይጽፈው ነበር፣ ለምንስ ይጽፈው ነበር ብላችሁ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በእኛ አገር የአንድን ገበሬ ነገር በወረቀት እንከታተል ብንል የግብር ደረሰኙ ወረዳ ነው፤ ክርስትና የተነሣበት ደብር ሌላ ነው፤ በድንበር ተካሶ እንደሆነ መዝገቡ ያለው ፍርድ ቤት ነው። እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ በስሙ አንድ ፋይል የከፈተለት የለም። የስኮትላንድ ቤተ መዛግብትም ሰነዶቹን የሚያስቀምጡት በጻፋቸው አካል ነው። የፍርድ ቤቱ ለብቻ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ የባለርስቱ ለብቻ። ካታሎጉ ኢንተርኔት ላይ የወጣውም ይህንኑ አቀማመጥ እንደያዘ ነው።

ከካታሎጉ በፊት ግን በስም የሚፈለገውን ጨርሱ። ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ሞትን፣ የሕዝብ ቆጠራንና ኑዛዜን በሰው ስም ያወጣላችኋል። መፈለጉ ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠየቀው የአብዛኛውን ሰነድ ምስል ከፍቶ ለማየት ነው። መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት በግዴታ እንዲመዘገቡ ያደረገው ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች የያዙት መዝገብ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚቀድመው በፐርዝሻየር የሚገኘው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ በ1553 ይጀምራል። የሕዝብ ቆጠራው ከ1841 እስከ 1921 ያለው ክፍት ነው። በ1841ዱ ቆጠራ ግን ዕድሜን አትመኑ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት እንዲጠጋጋ መመሪያ ስለተሰጠ፣ 39 ዓመት የሞላው ሰው 35 ተብሎ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የምትፈልጉት ሰው ወይም ከወንድም ከእኅቶቹ አንዱ በ1855 ከሞተ ዕድለኞች ናችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ እጅግ ሰፊ ነበር። የሟቹን የትውልድ ቦታ፣ የሁለቱንም ወላጆች ስም፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የልጆቹን ስም ከነዕድሜያቸው፣ የተቀበረበትን ቦታ ሳይቀር ይጠይቃል። ለመዝጋቢዎቹ ሥራው ከበዳቸውና በዓመቱ ቅጹ አጠረ። ቢሆንም የሟቹ አባትና እናት፣ እናቱም ከነአባቷ ቤት ስም፣ ከዚያ በኋላም መጻፋቸው አልቀረም። አንድ ሰው በ1860 በ80 ዓመቱ ሞተ ማለት ወላጆቹ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው። በአንድ ገጽ ያን ያህል ወደ ኋላ የሚወስድ መዝገብ ብዙ አገር አታገኙም።

አሁን ስሙ ጠፍቷል፤ ወደ ካታሎጉ መሄድ አለብን። ለምን ጠፋ? አንዳንዱ አጥቢያ መዝገብ በደንብ አልያዘም። በ1783 የወጣ ሕግ በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የ3 ፔኒ ቀረጥ ስለጣለ፣ ቀረጡ እስኪነሣ ድረስ ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረ ድሃ አለ። በ1843 ደግሞ ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ቄሶች ሲሶው ያህል ወጥተው ነጻ ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን አቋቋሙ፤ በሰሜኑ ደጋማ አገር ሕዝቡ በብዛት ተከተላቸው። እነሱ ያጠመቁትን ልጅ በቀድሞው አጥቢያ መዝገብ ብትፈልጉት ብዙ ጊዜ አታገኙትም።

በብሔራዊ መዛግብቱ ካታሎግ «ሲኤች2» የሚለው መለያ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያንን ሰነዶች፣ «ሲኤች3» ደግሞ ከእርሷ የተለዩትን የፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት ሰነዶች ያመለክታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር አጥቢያውን፣ የመጨረሻው ጥራዙን ይለያል። መለያውን በሙሉ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ መጻፍን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት፤ ከቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ ጋር የምትግባቡት በዚያ ነው።

በሲኤች2 ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው የአጥቢያ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የምእመኑን ጠባይ የሚዳኙበት ጉባኤ ነበር። ያለ ጋብቻ ያረገዘች ሴት ትጠራለች፤ አባቱ ማን እንደሆነ ትጠየቃለች። ስሙን ትናገራለች። ሰውየው ይጠራል፤ ይክዳል፤ ምስክር ይሰማል፤ በሌላ ቀን እንደገና ይቀርባል፤ በመጨረሻ ያምናል። ይህ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፋል። በልደት መዝገብ ላይ አባት ያልተጻፈለት ልጅ አባቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰውም የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይዞ መሄድ ነበረበትና ከየት እንደመጣ ይመዘገባል። ከ2021 ጀምሮ እነዚህ ጥራዞች በብዛት በስኮትላንድስ ፒፕል ላይ በምስል ወጥተዋል፤ ለማየትም አይከፈልባቸውም። የወጡት ግን በጥራዝ ነው። በካታሎጉ አጥቢያውንና ዘመኑን ለይታችሁ ገጽ በገጽ መግለጥ ግድ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያስቸግራል፤ ከሁለት ሦስት ገጽ በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል።

የጉባኤውን የሂሳብ መዝገብም አትለፉት። በብዙ አጥቢያ የቀብር መዝገብ አልተያዘም። አጥቢያው ግን አስከሬን ላይ የሚዘረጋ ጨርቅ ለሐዘንተኞች ያከራይ ነበር፤ ከኪራዩ የተገኘው ገንዘብ ለድሆች መርጃ ይውላል። ገንዘብ ነውና በጥንቃቄ ተጽፏል። በዚህ ቀን፣ ለእገሌ ሚስት ቀብር፣ ይህን ያህል ይላል። የሞት መዝገብ በሌለበት ዘመን የአንዲት ሴት መሞት የሚታወቀው ከዚህ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል።

ወደ ዶናልድ ማካይ ልመለስ። የስትራዝኔቨር ጭሰኞች በ1814 እና በ1819 ከመሬታቸው ተፈናቅለዋል፤ ምድሩ ለበግ እርባታ ተሰጠ። የርስቱ አስተዳደር ሠራተኛ የነበረው ፓትሪክ ሴላር ቤቶችን በማቃጠልና ለሰው ሞት ምክንያት በመሆን ተከስሶ በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቋል። የተፈናቀሉት ሰዎች ራሳቸው የጻፉት ጥቂት ነው። የጻፈው ያስነሣቸው ወገን ነው። ማን በየትኛው መንደር እንደሚኖር፣ ኪራይ ስንት እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚነሣ የሚናገረው የባለርስቷ ሰነድ ነው።

ታዲያ የባለርስቷ ሰነድ የት አለ? የሰዘርላንዷ ካውንቴስ ኤልዛቤት ያገባችው እንግሊዛዊ ባላባት ነበር፤ ማርኪስ ኦፍ ስታፎርድ። የእሱ ዋና ርስት በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሻየር ትሬንታም ነው። ስለዚህ ከርስቱ ሰነዶች አንዱ ትልቅ ክፍል በኤድንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ዴፕ 313» በሚለው መለያ ሲገኝ፣ ሌላው ትልቅ ክፍል በስታፎርድሻየር ቤተ መዛግብት «ዲ593» ተብሎ ተቀምጧል። አስቡት፤ በሰሜን ጫፍ ስላለ የስኮትላንድ ሸለቆ የሚናገር ደብዳቤ በእንግሊዝ መሐል አገር ተቀምጧል። የስኮትላንድን ካታሎግ ብቻ የከፈተ ሰው ይህን አያገኝም። ለዚህ የሚረዳው በለንደን ኪው የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዲስከቨሪ የተባለው ካታሎግ ነው፤ የራሱን ሰነዶች ብቻ ሳይሆን ከ2,500 በላይ የሆኑ ሌሎች ቤተ መዛግብት የያዙትንም ይጠቁማል። እዚያ ላይ «ሰዘርላንድ ርስት» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለቱንም ቦታዎች ያገኛል። «ዶናልድ ማካይ» ብሎ የጠየቀ አያገኛቸውም።

ስትፈልጉ የሰውየውን መንደርም ስም ጻፉ። ከስትራዝኔቨር የጠፉ መንደሮች አንዷ ሮሳል ናት፤ በላቲን ፊደል አንዳንዱ ጸሐፊ በአንድ «ኤስ»፣ አንዳንዱ በሁለት ጽፏታል፤ በሁለቱም መሞከር ያስፈልጋል። መንደሩ የት እንደነበረ ካላወቃችሁ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካርታዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነጻ አውጥቷል። የትኛው አጥቢያ፣ የየትኛው ባለርስት መሬት እንደሆነ ካወቃችሁ ካታሎጉ ይከፈትላችኋል።

ከደጋው አገር የተነሡ ሰዎች ሁሉ ባሕር አልተሻገሩም እንጂ የተሻገሩትም ተጽፈዋል። ከ1852 እስከ 1857 ድረስ አንድ የስደተኞች መርጃ ማኅበር ከምዕራብ ደጋማው አገርና ከደሴቶቹ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ ልኳል። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር በብሔራዊ መዛግብቱ «ኤችዲ4/5» ነው፤ በቤተሰብ በቤተሰብ፣ ከነዕድሜያቸውና ከነመኖሪያቸው።

ባሕር ካልተሻገሩት ብዙዎቹ የሄዱት ግላስጎው ነው። የግላስጎው ከተማ ቤተ መዛግብት በሚቸል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ያለው የድሆች እርዳታ ማመልከቻ በጠቅላላው የስኮትላንድ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አቻ የሚገኝለት አይመስለኝም። የ1845ቱ የድሆች ሕግ እርዳታውን የሚከፍለው የችግረኛው ሰው አጥቢያ እንዲሆን ወሰነ። አጥቢያው የተወለደበት ወይም አምስት ዓመት ያለ ማቋረጥ ኖሮ ራሱን ያስተዳደረበት ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪው ገንዘቡን ከሌላ አጥቢያ ማስመለስ ስለሚፈልግ አመልካቹን አጥብቆ ይጠይቃል። የት ተወለድክ? አባትህ ማን ነው፣ ምን ይሠራ ነበር? መቼና የት አገባህ? ልጆችህ ስንት ናቸው? ባለፉት ዓመታት የት የት ቤት ተከራየህ? አየርላንድ የተወለደች መበለት፣ ከደጋው የመጣ የታመመ የቀን ሠራተኛ፣ ሕፃን ታቅፋ የቀረበች ባሏ የተዋት ሴት፣ የሁሉም ኑሮ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግቷል። ቤት ድረስ ሄዶ ያየውን ሁኔታ የሚጽፍ ተቆጣጣሪም አለ። በአጥቢያዎች መካከል የነበረ የገንዘብ ክርክር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈው። ቤተ መዛግብቱ ለእነዚህ ማመልከቻዎች የስም ማውጫ ስላለው ከካታሎጉ ይልቅ ሠራተኞቹን መጠየቅ ይቀላል።

ስለ ስም አጻጻፍ ጥቂት ልበል። ማክ የሚለው መነሻ በሙሉም፣ በአጭሩም፣ በ«ኤም» ፊደልና በጭረትም ይጻፋል። ጀነትና ጄሲ፣ ጂንና ጄን አንዲት ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ያገባች ሴት በስኮትላንድ ሕጋዊ ሰነድ ውስጥ በአባቷ ቤት ስም መጠራቷ የተለመደ ስለሆነ በሁለቱም ስም ፈልጓት፤ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሼትላንድ ደሴቶች ደግሞ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙ ሰው እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። የማግነስ ልጅ ማግነሰን ይባላል፤ የእሱ ልጅ ደግሞ በእሱ ስም። አንድ የቤተሰብ ስም ይዞ ሦስት ትውልድ የሚፈልግ ሰው እዚያ ይጠፋበታል። ዓመቱንም ልብ በሉ። እስከ 1599 ድረስ የስኮትላንድ አዲስ ዓመት መጋቢት 25 ቀን ነበር፤ ጥር 1 የሆነው በ1600 ነው። ከዚያ በፊት በየካቲት ወር የተጻፈ ነገር በዛሬው አቆጣጠር የሚቀጥለው ዓመት ነው።

ኑዛዜዎች ከ1513 ጀምሮ በስኮትላንድስ ፒፕል በስም ይፈለጋሉ። መሬት ግን በኑዛዜ ማውረስ የተፈቀደው በ1868 ነው፤ ከዚያ በፊት በሕጉ መሠረት ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፋል። ስለዚህ በኑዛዜው ውስጥ የበኩሩ ስም ባይኖር አትደነቁ። የመሬቱን ነገር የሚነግራችሁ ከ1617 ጀምሮ የተያዘው የርስት ዝውውር መዝገብ ነው፤ መለያው «አርኤስ»።

ወታደር ከሆነስ? ስኮትላንዳዊ ወታደር ከ1707ቱ ውሕደት በኋላ የብሪታንያ ሠራዊት አባል ነውና ሰነዱ በኤድንብራ አይገኝም፤ ኪው ነው። ይህ እኛንም ይነካናል። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው ጦር ውስጥ 26ኛው የካሜሮኒያን ክፍለ ጦር ነበረበት፤ በ1689 በላናርክሻየር፣ ዳግላስ ላይ የተመሠረተ ጦር ነው። ከዚያ ጦር የነበረ አያት ያለው የስኮትላንድ ቤተሰብ ስሙን በኪው «ደብሊውኦ 100» በሚባለው የሜዳይ ተሸላሚዎች መዝገብ፣ ጡረታ ወጥቶ እንደሆነም በ«ደብሊውኦ 97» ሊፈልገው ይችላል።

ከዚያው ከመቅደላ በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንን የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ሕንድ አድገው፣ ኋላም የሕክምና ትምህርታቸውን በስኮትላንድ አጠንክረዋል። በእንግሊዝኛ ሰነዶች የሚታወቁት ግን ቻርልስ ማርቲን በሚለው ስም ነው። ወርቅነህ ብሎ የሚፈልግ ተመራማሪ ከፊቱ ያለውን ሰነድ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ውጭ አገር የኖሩ ዘመዶቻችሁን የምትፈልጉ አድማጮች፣ ያን አገር ያስጻፋቸውን ስም አስቀድማችሁ ከቤተሰብ ሽማግሌዎች ጠይቁ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ በግለሰብ እጅ ያለ ሰነድ ነው። ብዙ የስኮትላንድ ባለርስት ቤተሰቦች የርስታቸውን ወረቀት እስከ ዛሬ በየቤታቸው ይዘዋል። በ1946 የተቋቋመው የስኮትላንድ ብሔራዊ የመዛግብት ምዝገባ እነዚህን እየዞረ ዘርዝሯል፤ ዝርዝሮቹም ቁጥር ተሰጥቷቸው ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋሉ። በዝርዝሩ ላይ ያገኛችሁት ሰነድ በግል ቤት ከሆነ በቀጥታ ወደ ቤቱ አትሂዱ። ለምዝገባው ጽሕፈት ቤት ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ጽሕፈት ቤቱ ባለቤቱን ይጠይቅላችኋል። ደብዳቤያችሁ አጭር ይሁን፤ የምትፈልጉት ቤተሰብ፣ መንደሩ፣ አጥቢያው፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ከዚህ በፊት ያያችኋቸው መዝገቦች መለያ። ባለቤቱ ከፈቀደ የት ሄዳችሁ እንደምታዩት ይነገራችኋል፤ አንዳንድ ጊዜ ሰነዱን ለጊዜው ወደ ቤተ መዛግብት አስመጥተው ያሳያሉ። መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ለጉዞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጻፉ።